በባኬቱና በኦልጅራ መካከል

ፉሪ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሙፊዳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ባለሽበት አገር አላህ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይከልልሽ። እኔ ነፍሴ አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚህ አልፌ ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን እጄ ይዋሻል።

ስልኬ ዝግ የሆነብሽ ተሰብሮ ነው። ይህን በወረቀት ጽፌ ጎረቤታችን ዚነት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእሷ በኩል ጻፊልኝ። እንዳታነቢው ብያታለሁ፤ ታነበዋለች።

ሙፊዳ፣ ልጄ አናስ ሰው ገደለ። የገደለው ኦልጅራን ነው፣ የጎረቤታችንን የዱጉማን ልጅ። አክስትሽ ሐሚዳ፣ የአናስ እናት፣ የሞተች ጊዜ ከበረታቸው ወተት በጆግ እያመጣ ለቅሶ የተቀመጠውን ሁሉ ሲያስተናግድ የሰነበተውን ልጅ። አንቺን ብስክሌት ያስተማረሽን።

አናስ ለቡ መብራት ኃይል በኩል ካለ ማሰልጠኛ ኤክስካቫተር መንዳት ይማር እንደነበር ነግሬሽ ነበር። እዚያ መጀመሪያ ማሽን ላይ አያወጧቸውም። ዓይን የሚሸፍን መነጽር አድርገው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሌለ መሬት ላይ የሌለ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቪአር ይሉታል። ከዚያ ለቡ ውስጥ ሕንፃ የሚሠራበት አንድ ቦታ ለልምምድ ገባ። ኦልጅራ እዚያው ምልክት ሰጪ ነበር፤ ከፊት ቆሞ ለኦፕሬተሩ በእጁ ና፣ ዙር፣ በቃ የሚል።

ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ ላይ የማሽኑ ክንድ ዞረ። የሚቆፍርበት ባኬት ኦልጅራን ደረቱ ላይ አገኘውና ከጀርባው ካለው ምሰሶ ጋር አጣበቀው። የነበሩ ሰዎች ሲነግሩኝ ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን ነው የሚነግሩኝ፤ ደረቅ ጣውላ ሲሰነጠቅ ዓይነት ነው ይላሉ። ባኬቱ ሲነሳ ልጁ ወዲያው አልወደቀም፣ ምሰሶው ላይ ትንሽ ቆየ። ሲሚንቶው የጠጣውን ደም እስከዛሬ ማጠብ አልቻሉም።

ሠራተኛው የጋቢናውን መስታወት በድንጋይ አራገፈው። አናስን በጸጉሩ ጎትተው አወረዱትና በአካፋና በፌሮ ወረዱበት። ወሬው ሱቄ ድረስ ደርሶ ሮጬ ስመጣ መሬት ላይ ነበር። አፉ ደም ሞልቶ «መነጽሩ ነው አባባ፣ መነጽሩ ነው» ይላል። ላዩ ላይ ተደፋሁበት። ስልኬ የተሰበረው አካፋው ጎኔን ሲያገኘኝ ነው። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው ከዚያ ያወጣን፤ አናስን ግን አሰሩት።

ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። በዱጉማ ደጅ ሳላልፍ ወደ መስጊድ የምሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ቤቴ ውስጥ እየሰገድኩ ነው።

አንቺ ሥራዬ ስለዚሁ መነጽር ነው ያልሽኝ ጊዜ ስቄብሽ ነበር፤ ሰው ምን ያህል ርቀት እንደሚታየው ለማወቅ ደሞዝ ይከፈላል ወይ ብዬ። አሁን እየለመንኩ እጠይቅሻለሁ። መነጽሩ የሰው ዓይን ያሳስታል? ዱጉማ ሽማግሌ እንደሚልክብኝ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚያስምሉኝ ባንድ ነገር ነው፦ ልጅህ ሳተ ወይስ አወቀ? ስቶ ከሆነ እርቅ አለ፤ ፍርድ ቤቱም ያቀልለታል። አውቆ ከሆነ ግን የኦልጅራ ወንድም ቢሊሱማ የአናስን ደም ሳላይ ጥቁር አላወልቅም ብሏል። የምምለው እኔ ነኝ። ሳላውቅ ምን ብዬ ልማል?

ያሳደገሽ፣ ኑረዲን

—

ካሰል፣ ጀርመን፣ ጥር 12 ቀን 2017

ለማከብርዎት አባባ፤

ወዐለይኩሙሰላም ወረሕመቱላህ። ጎንዎን አላህ ያሽርልዎ፤ አናስንም ከእስር ቤት ክፉ ይጠብቅልን። ስለ ኦልጅራ ምን እንደምል አላውቅም። ብስክሌቱን ከኋላ ይዞልኛል ብዬ ስነዳ ለካ ከለቀቀኝ ቆይቶ ነበር፤ ዞር ስል ሩቅ ቆሞ ያጨበጭባል። ከደብዳቤዎ በኋላ የሚታየኝ ይኸው ነው።

ስለ ጠየቁኝ ነገር በማውቀው ልክ ልንገርዎ። እኔ እዚህ የምርምር ረዳት ነኝ። ሰዎች ይመጣሉ፤ መነጽሩን አደርግላቸዋለሁ። ውስጡ ሜዳና አንድ ቀይ ምልክት ያያሉ። ከዚያ ምስሉን አጠፋና ምልክቱ እስከነበረበት በጨለማ ሂዱ እላቸዋለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ሳይደርሱ ይቆማሉ። አሥር ሜትሩ ሰባት ወይ ስምንት መስሎ ነው የሚታያቸው። ለምን እንደሆነ ዶክተሮቹ ራሳቸው ጨርሰው አልተስማሙም። አንዱ በመነጽሩ ክብደት ያሳብባል፣ ሌላው በጠባብ መስኮት እንደማየት ስለሆነ ነው ይላል።

አናስን የሚመለከተው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየውን «ገና ነህ፣ ጨምር» እያልን ደጋግመን ስናርመው ይለምዳል። ቅርብ መስሎ የሚታየውን ሩቅ ነው ብሎ መቁጠር ይጀምራል። መነጽሩን አውልቆ በእውነተኛው ኮሪደር ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ ያ ልማድ አብሮት ይሄድና ምልክቱን ያልፋል። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ደርሼ ሳልይዛቸው ግድግዳ ጋር ተላትመው አፍንጫቸው ተሰብሯል፤ ደማቸውን ከወለሉ ላይ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ከሆነ አናስ ኦልጅራን ከቆመበት ይልቅ ራቅ አድርጎ አይቶት ሊሆን ይችላል። ይሄ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አባባ፣ ይህ ልማድ አይከርምም። ሰው ዓይኑን ገልጦ ትንሽ ከተዘዋወረ፣ ዕቃ ካነሳና ከጣለ ይለቀዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አናስ መነጽሩን ያወለቀው መቼ ነው? ከዚያ ወዲያ ኦልጅራን እስኪመታው ድረስስ ምን ሲሠራ ነበር?

እጅዎን እየሳምኩ፣ ሙፊዳ

—

ፉሪ፣ ጥር 27 ቀን 2017

ልጄ ሙፊዳ፤

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የተማርሽውንም ይባርክልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። «ከቆመበት ይልቅ ራቅ አድርጎ አይቶት ሊሆን ይችላል» ያልሽውን ዚነት ደጋግማ አንብባልኛለች። እሷም እያነበበች አለቀሰች።

የዘገየሁት ግራ እጄ ስለተሰበረ ነው። ሐሙስ ሌሊቱን ቤቴ ላይ ድንጋይ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ሱቄ ተቃጥሎ አገኘሁት። ቀለሙና ቲነሩ እሳቱን ረድቶታል፤ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተጠቅልሏል። ፍሙ ላይ ቆሜ ሳይ ቢሊሱማ ከኋላዬ መጣ። ወንድሜ የት ነው፣ አለኝ። የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። በያዘው ፌሮ ጭንቅላቴ ላይ ሲያነጣጥር እጄን አነሳሁና ፌሮው ክንዴ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ሊደግመኝ ሲያነሳ አባቱ ዱጉማ ከመንገድ ማዶ በኦሮምኛ ጠራው፤ ስሙን ብቻ። ፌሮውን ጣለና ሄደ። ዱጉማ ግን ወደኔ አላየም። ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተናል፤ አንድም ቀን ሳያየኝ አልፎ አያውቅም።

አሁን ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው። የግንባታው ዘበኛ ወጋየሁ ቃሉን ሰጥቷል። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን አናስና ኦልጅራ ተጣልተው ነበር። ባኬቱ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ምልክት ሰጪው የት መቆም እንዳለበት ሲከራከሩ ኦልጅራ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጌመሩ፣ ቀስ በል፤ እዚህ ያለው ሕይወት አንድ ብቻ ነው» አለው። ሳቁበት። በመነጽር ተምሮ ስለመጣ ጌመሩ፣ የጌም ተጫዋቹ፣ ነበር የሚሉት። አናስ ከጋቢናው ዘሎ ወረደና አንገት ለአንገት ተናነቁ። ገላጋይ ሲለያያቸው አናስ «ነገ እርምጃ እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ፤ ወጋየሁ የመሰከረው ይህን ነው። ፖሊሱ ዛቻ ብሎ ጽፎታል።

አናስ ለጠበቃው የነገረው እንዲህ ነው፦ እርምጃ ማለቴ መሬቱን በእግሬ ልለካ፣ ባኬቱ የሚደርስበት ላይ በኖራ ላሰምር ነበር። እውነቱን ነው። እርምጃ እግር አይደለም እንዴ? አንቺስ ሥራሽ ይኸው አይደል?

ሽማግሌዎቹ የኛ ረመዳን ገብቶ እስኪወጣ ሊጠብቁ ተስማምተዋል፤ ዱጉማ ራሱ ነው በጾማቸው አላስምልም ያለው። ስለዚህ ጊዜ አለሽ። የነገርሽኝን በሥርዓቱ ጽፈሽ፣ ስምሽንና ሥራሽን አድርገሽ ላኪልኝ። እሱን ይዤ ቁርኣን ፊት እቆማለሁ።

ኑረዲን

—

ካሰል፣ የካቲት 2 ቀን 2017

አባባ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ክንድዎን አላህ ይጠግንልዎ። ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በዚነት በኩል ልኬያለሁ።

የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። መነጽሩን መቼ እንዳወለቀው አልጻፉልኝም።

ስለ ቃሉ ደግሞ ልጽፍ አልፈለግሁም ነበር። እዚህ አንድ ያገራችን ልጅ ለሙከራ መጥቶ በአማርኛ ሳስረዳው «አሁን ወደ ፊት እርምጃ ውሰድ» አልኩት። መነጽሩን እንዳደረገ ሳቀና «ማን ላይ?» አለኝ። ከፈረንጁ አፍ ገልብጬ መናገሬን ያወቅሁት ያኔ ነው። አባባ፣ ፉሪ ያደገ ልጅ መሬት ሊለካ ሲያስብ «በእርምጃ እለካዋለሁ» ይላል። «እርምጃ እወስዳለሁ» የሚል ሰው እግሩን እያሰበ አይደለም። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ዘበኛውም፣ ፖሊሱም ያውቀዋል። እኔ ለመርሳት ስሞክር ነው የሰነበትኩት።

ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት እባክዎ አናስን ይጠይቁት።

ሙፊዳ

—

ፉሪ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

ሙፊዳ፤

አላህ ላንቺ ይዘንልሽ። ለኔ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፍቶኛል።

አንድ ወር ዝም ያልኩሽ አናስን መጠየቅ ፈርቼ ነው። ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ፣ በልተሃል ወይ እለዋለሁ፣ እመለሳለሁ። ትናንት ጠየቅሁት።

በሽቦው አጥር ወዲያና ወዲህ ቆመን ነው የምንነጋገረው። ውስጥ ያሉት ደብድበውት አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ስለዚህ በደኅናው ጆሮው በኩል ተጠግቼ መነጽሩን መቼ ነው ያወለቅኸው አልኩት። ካወለቀው ሳምንት አልፎት ነበር። የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ በእውነተኛው ማሽን ሲቆፍር፣ ገልባጭ ሲጭን ነበር። አንድ ገልባጭ እንኳ ጫርክ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልጫርኩም አለኝ። ይህን ሲል፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ሰማሁ።

«እንግዲያው ኦልጅራ የቆመበትን ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር። አፍንጫው ሥር ላሳልፍበት ነው ያዞርኩት፤ ደንግጦ እንዲወድቅ፣ እነሱም በእሱ እንዲስቁ። እሱ ግን አልተነቃነቀም አባባ። እያየኝ ሳቀ። እጄ አልቆመም።»

«አልቆመም ወይስ አላቆምከውም?»

ወደ ጠባቂው ዞር አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን የምጽፍልሽ አፍሬ ነው። በሽቦው ቀዳዳ በደኅናው እጄ ሸሚዙን ያዝኩና ፊቱን ከሽቦው ጋር አጋጨሁት። አንዴ አይደለም። ቅንድቡ ተከፍቶ ደሙ መዳፌ ላይ ወረደ፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም። ጠባቂው በዱላ ጣቶቼን ሲመታኝ ነው የለቀቅሁት። ጾመኛ ነበርኩ። ለዙሁር ሶላት ልታጠብ ውዱእ ሳደርግ ውሃው ቀልቶ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ እጄን አየዋለሁ። ሰው ሁሉ ኑረዲን ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው ይለኛል። እኔም አምኜው ኖሬያለሁ። ይህ እጅ ግን ልጄን በያዘው ጊዜ ማቆም ይችል ነበር፤ አላቆመም። አላቆምኩትም ልበል? እኔም እንደሱ አላውቅም ነው መልሴ።

አሁን የምልሽን ካደረግሽልኝ በኋላ እርሺው። ወረቀቱን ጻፊልኝ። ልማዱ ቶሎ ይለቃል የሚለውን ተይው፤ ሌላውን ሁሉ ጻፊ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ያለዚያ ወረቀት ከማልኩ ቢሊሱማ እስር ቤትም ውስጥ ሰው አለው። አስከሬኑን ተቀብዬ ማጠብ አልችልም።

ኑረዲን

—

ካሰል፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

አባባ፤

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ስሜና ሥራዬ አለበት። ውስጡ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የሌለበት አንድ መስመር ነው።

ሦስት ቀን ሥራ አልገባሁም። ስጽፈው የነበረው ለአናስ ይሁን ለእርስዎ ወይስ ብቻዬን እንዳልቀር፣ አልለየሁትም። ይጠቀሙበት ወይም አይጠቀሙበት አልልዎትም። ከተጠየቅሁ ግን የጎደለውን መስመር እደብቃለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ይህን ይወቁ።

የሐሚዳ ነፍስ በጀነት ትረፍ። እሷ ብትኖር ሁለታችንንም ትቆጣን ነበር።

ሙፊዳ

—

ፉሪ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017

ልጄ ሙፊዳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ኢድ ሙባረክ ሳልልሽ አለፈ። ያ ሁሉ ቀን ሲቆጠር የነበረው መሐላ ትናንት ሆነ።

በዱጉማ ግቢ፣ በቀረችለት ቁራጭ ማሳ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጥነው። ሽማግሌዎቹ ከሁለታችንም ወገን ነበሩ። ቢሊሱማ ከአባቱ ኋላ ዱላ ተመርኩዞ ቆሟል። ቁርኣኑን ኢማማችን አመጡልኝ። ወረቀትሽ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ዚነት አሳምራ አሳትማልኛለች፣ በፕላስቲክ ሸፍናዋለች። እስከዚያች ሰዓት ላወጣው ነበር ሐሳቤ። ይህን የምነግርሽ በኋላ ከሆንኩት የተሻልኩ እንዳልመስልሽ ነው።

እጄን ቁርኣኑ ላይ አኖርኩ። የአናስን ቅንድብ የከፈተው እጅ ነው፤ ሌላው ገና አልዳነም። ያልጻፍሽውን መስመር አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ እጄን አሳርፌ «አላውቅም» ማለት አቃተኝ። እንዲህ አልኩ፦

«ወላሂ፣ የልጄ ዓይን አልሳተም። ኦልጅራ የቆመበትን ያውቅ ነበር። ንዴቱን ሊወጣበት፣ ሊያስደነግጠው ነው ባኬቱን ያዞረው። ሞቱን አስቦ እንደነበር አልምልም፤ አላሰበም ብዬም አልምልም። እሱም አያውቀውም።»

ቢሊሱማ ሽማግሌዎቹን ረግጦ መጣ። የመጀመሪያው ዱላ ጭንቅላቴን ከፈተው፣ ሁለተኛው የተሰበረውን ክንዴን መልሶ ሰበረው። መሬት ላይ ሆኜ ደሙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሳይ ከወገቡ ጩቤ ሲመዝ አየሁ። አራት ሰው ያዘው፣ አንዱን ሽማግሌ መዳፉ ላይ ቆረጠው፣ አሁንም ይታገላል። ሁሉም ይጮሃል። ከወንበሩ ያልተነሳ ዱጉማ ብቻ ነው። ጩኸቱ ትንሽ ጋብ ሲል በአማርኛ፣ ለኔ፣ እንዲህ አለ፦

«ኑረዲን፣ ሲመጣበት አይቶታል?»

«አይቶታል» አልኩት።

«ምን አደረገ?»

«ሳቀ። አናስ ያቆማል ብሎ።»

ዱጉማ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ልጄ ከልጅህ አልሸሸም» አለ። ከዚያ ወደ ቢሊሱማ ሳይዞር «ጩቤህን አስገባ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል የልጄን ሞት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው» አለው። ይቅር ብሎኛል ማለት አይደለም። እርቅ የለም ተብሎ ነው ሽማግሌው የተበተነው፤ ነገሩ በሕግ ይሂድ ተባለ። ግን ቢሊሱማ በአናስ ላይ እጁን ቢያነሳ ከአባቱ ቤት እንደወጣ ይቆጠራል ብለው አስምለውታል። ማለ፤ በእንባ።

ዛሬ ጠዋት ጭንቅላቴ እንደተጠቀለለ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እዚያ ያልኩትን ቃል ደገምኩ። ፈረምኩ። ጠበቃው ልጅህን በገዛ እጅህ ቀበርከው አለኝ። ለአላህ ብዬ ነው ወይስ በዱጉማ ደጅ ማለፍ አምሮኝ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ እንዳልጠራልኝ እወቂ። ወረቀትሽን ቀድጄዋለሁ፤ የሚጠይቅሽ የለም።

ከጣቢያው በቀጥታ ለአናስ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ጠባቂው ምግቡን ይዞ ገባና እንዳለ መልሶ አመጣው፤ አባት የለኝም በለው ብሎሃል አለኝ። ከአጥሩ ሳልርቅ ቆየሁ። ከግቢው ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰው መሐል ቢሆንም ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ታየኝ። እሱም አየኝ። ጀርባውን ሰጠኝ፤ ግን ወደ ክፍሉ አልገባም። በር ሊዘጋ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ እንደዚያ፣ እሱ ግድግዳውን እያየ፣ እኔ እሱን እያየሁ ቆምን።

ለአንቺም አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ምሳ ዕቃውን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ነገም እወስድለታለሁ።

ኑረዲን